የነጻ ብረት ሳይቀባ አይደር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጌታችን መድኀኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በሥጋ ተገልጦ ሲያስተምር የመንግሥተ ሰማያትን ምሥጢር ሰው ሁሉ በየቀኑ በሚያየውና በሚዳስሰው ነገር እየመሰለ ነበር። ስለ ዘሪው ዘር፥ ስለ ዓሣ አጥማጁ መረብ፥ ሊጡን ሁሉ ስለሚያቦካው ጥቂት እርሾ ተናግሯል። በተራራው ስብከቱም ሀብታችንን በሰማይ እንድንሰበስብ ሲያዝዘን፥ የምድርን ሀብት ከሚያጠፉት ነገሮች አንዱን፥ ዝገትን፥ ስሙን ጠርቶ ጠቅሶታል (ማቴ. 6፥19-20)። እርሱ ሁሉን የሚያውቅ አምላክ ሲሆን በጸራቢ ቤት አድጎ የእጅ ሥራን ድካም በሥጋው ቀምሷልና (ማር. 6፥3) የሠራተኛውን መሣሪያ ለትምህርት ምሳሌ ማድረግን አልናቀም።

እኛም ይህንኑ የማስተማር ሥርዐት ተከትለን በዚህ ጽሑፍ ስለ ቀጥቃጭ መሣሪያ ዝገት እንናገራለን። ዝገት ከምን እንደሚመጣ፥ በምን እንደሚከለከል፥ የዛገው ብረት እንዴት እንደሚጠራ፥ ከጠራም በኋላ ምን ሊደረግለት እንደሚገባ በየተራው እንመለከታለን። ሰሙ ብረት ነው፤ ወርቁ ነፍሳችን ናት። ሰሙን በሚገባ ያላወቀ ወርቁን አያገኝምና፥ አስቀድመን የብረቱን ነገር እንደ ባለሙያዎቹ በጥንቃቄ እንመርምር።

ስለ ቀጥቃጭ ስንናገር ፊቱን የሚያዞር አንባቢ እንዳይኖር አንድ ነገር እናስቀድማለን። ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን በክፉ ስም እየጠሩ ማራቅ በአገራችን ለብዙ ዘመን የኖረ ልማድ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለዋል። ቅዱሳት መጻሕፍት ግን ከዚያ አስቀድመው ፈርደዋል። ከሰሉን በወናፍ የሚያነድደውን ቀጥቃጭ የፈጠረ ራሱ መሆኑን እግዚአብሔር በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ ተናግሯል (ኢሳ. 54፥16)። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ፥ በመስፉ አጠገብ ተቀምጦ የእሳቱ ወላፈን ሥጋውን የሚያቀልጠውን፥ የመዶሻው ድምፅ ከጆሮው የማይጠፋውን ቀጥቃጭ ከሌሎች ባለ እጆች ጋር አንሥቶ፥ ያለ እነርሱ ከተማ ሊጸና እንደማይችል ያስተምራል። በሳኦል ዘመን በእስራኤል ምድር ቀጥቃጭ ስላልነበረ፥ ሕዝቡ ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር፤ በጦርነትም ቀን ከሳኦልና ከዮናታን በቀር ሰይፍና ጦር የያዘ አልተገኘም (1ኛ ሳሙ. 13፥19-22)። ባለ እጁን ያጣ ሕዝብ እንጀራውም ነጻነቱም በባዕድ እጅ እንደሚወድቅ ከዚህ ታሪክ እንማራለን። መሥዋዕት የሚሆነው ስንዴ የሚዘራበትን መሬት የሚያርሰው ማረሻ ከቀጥቃጭ እጅ የወጣ ነውና፥ ቤተ ክርስቲያንም የዚህ እጅ ባለ ዕዳ ናት።

እንግዲህ ዝገት ምንድር ነው? ብረት ከድንጋይና ከቀይ አፈር ውስጥ በእሳት ተለይቶ የሚወጣ ነው። በአፈሩ ውስጥ ሳለ፥ የምንተነፍሰው አየር አንዱ ክፍል ከሆነው ከኦክሲጅን ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ የከሰሉ እሳት ኦክሲጅኑን ሲወስድለት ብረቱ ነጻ ይወጣል። ዝገት ማለትም ነጻ የወጣው ብረት ውኃና አየር ባንድነት ባገኙት ጊዜ እንደ ገና ከኦክሲጅን ጋር ተጣብቆ ወደ ቀድሞ አፈርነቱ መመለሱ ነው። የዝገት መልክ ቀይ አፈር የሚመስለው ስለዚህ ነው። ሰውም እንደዚሁ ከአፈር ተበጅቶ በእግዚአብሔር እስትንፋስ ሕያው ሆነ፤ ትእዛዙን ባፈረሰ ጊዜ ግን ወደ ወጣበት አፈር እንዲመለስ ተፈረደበት (ዘፍ. 3፥19)። ኃጢአትም ከእሳት ነጥቆ ወደ አፈር የሚመልስ የነፍስ ዝገት ነው።

ደረቅ አየር ብቻውን ብረትን እምብዛም አይጎዳውም። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ከመቶ 60 እጅ ገደማ ሲያልፍ ግን፥ ዓይን የማያየው ስስ ውኃ በብረቱ ላይ ማረፍ ይጀምራል፤ ዝገትም በዚያ በኩል ይገባል። ጨው ያለበት እንደ ሆነ ደግሞ ይፋጠናል። የሰው እጅ ላብ ጨው አለበትና፥ በተወለወለ ብረት ላይ ጣት ያረፈበት ቦታ የጣቱን ምልክት ይዞ ሲዝግ ይታያል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በጸጥታ ነው። መዶሻ ሲወድቅ ይሰማል፥ መሮ ሲሰበር ይታያል፤ ዝገት ግን ሲገባ ድምፅ የለውም።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ጠባይ አለው። መዳብ ሲያረጅ የሚያወጣው አረንጓዴ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ይጠብቅለታል። የብረት ዝገት ግን እንዲህ አይደለም፤ ከተበላው ብረት ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፥ ይሰነጠቃል፥ እንደ ቅርፊት ይነሣል፤ በስንጥቁም አዲስ ውኃ ገብቶ የታችኛውን ይበላል። ሽፋን መስሎ ሳለ ለጠላት በር ይከፍታል። አዳም በቅጠል ተሸፍኖ በዛፍ መካከል ከተሸሸገ በኋላ ጥፋቱን በሔዋን ላይ እንዳሳበበ፥ እኛም ለኃጢአታችን ምክንያት እየፈለግን ብንሸፍነው የመሸፈኛው ምክንያት ራሱ ሌላ ኃጢአት ይወልዳል። ሰውዬው የሰውን ገንዘብ ይወስዳል፤ ከዚያ ላለመታየት ይዋሻል፤ ውሸቱ እንዳይገለጥ በሐሰት ይምላል። የመጀመሪያው ዝገት በዘይት በራሰ ጨርቅ የሚወለወል ነበር፤ ሦስተኛው ግን ወደ ውስጥ ዘልቋል።

ዝገት መሣሪያውን የሚይዘው በየትኛው ጊዜ ነው? በሥራ ሰዓት አይደለም። ዘወትር የሚመታበት መስፍ ፊቱ እንደ መስተዋት ያበራል፤ እጅ የማይለየው መዶሻ አይዝግም። ዝገት የሚገባው ሥራው ካበቃ በኋላ ነው፤ ጉጠቱ በማቀዝቀዣው ገንዳ አጠገብ እርጥብ እንዳለ ሲጣል፥ መሮው በአመድ ውስጥ ተቀብሮ ሲያድር፥ ሞረዱ በእርጥብ መሬት ላይ ሲተኛ ነው። አመድ ደረቅ ይመስላል እንጂ ከአየር እርጥበት የሚስብ ጨው በውስጡ አለበት፤ ስለዚህ መሣሪያን በአመድ ቀብሮ መተው ከውኃ ውስጥ አውጥቶ ወደ ሌላ ውኃ እንደ ማግባት ነው። በአገራችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ባለው ክረምት ደግሞ ምድጃው በቀዘቀዘበት ቤት የተጣለ መሣሪያ ሁሉ ፈጥኖ ቀይ ይሆናል።

የዳዊትን ታሪክ በዚህ አንጻር እንመልከተው። ጎልያድን በገጠመ ጊዜ፥ ከሳኦል ፊት ሸሽቶ በዋሻ በኖረ ጊዜ ያ ክፉ ውድቀት አላገኘውም። ነገሥታት ወደ ሰልፍ በሚወጡበት ወራት ኢዮአብንና ሠራዊቱን ልኮ እርሱ በኢየሩሳሌም በተቀመጠ ጊዜ፥ ከምኝታው ተነሥቶ በሰገነት ላይ ሲመላለስ የኦርዮን ሚስት አየ (2ኛ ሳሙ. 11፥1-2)። በመከራ ያበራ የነበረው ብረት በዕረፍት ዛገ። መጽሐፍ ይህን የጻፈልን ቅዱሱን ለማሳጣት ሳይሆን፥ እኛ የምንወድቅበትን ሰዓት እንድናውቅ ነው።

መከላከያውን ባለሙያዎች እንዲህ አድርገው ያስተምራሉ። ማታ ሥራ ሲፈታ አመዱና ቅርፊቱ ተጠርጎ፥ እያንዳንዱ መሣሪያ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ቀጥሎ ብረቱ እጅ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሊታገሠው እስኪችል ድረስ በምድጃው ዳር ይሞቃል፤ በስንጥቁ የቀረው እርጥበት በዚህ ይወጣል። ገና ትኩስ ሳለ ንጹሕ የንብ ሰም ይታሻል። ሰም በ62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ በትኩሱ ብረት ላይ ተሰራጭቶ ሲበርድ ይጸናል። ሰም የሌለው የተልባ ወይም የኑግ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ እነዚህ ዘይቶች በአየር ላይ ሲቆዩ ደርቀው እንደ ቆዳ ይጋርዳሉና። ጨው የገባበትን ቅባት ግን መጠቀም አይገባም። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅም ተጨምቆ ቢከመር ከራሱ ሙቀት የተነሣ እሳት ሊያነሣ ስለሚችል ተዘርግቶ እንዲደርቅ ያስፈልጋል። መስፉ በግንድ ላይ ይቀመጣል እንጂ መሬት አይነካም፤ ጉጠትና መዶሻ ነፋስ በሚያገኛቸው ቦታ ይሰቀላሉ። ለብዙ ጊዜ የማይሠራበትም መሣሪያ በየወሩ እየወጣ ይታያል፥ ቅባቱም ይታደሳል።

ይህ ሁሉ ብዙ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በየማታው ካልሆነ ጥቅም የለውም። አባቶቻችን ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት፥ የረቡዕንና የዓርብን ጾም የሠሩልን በዚሁ ምክንያት ነው። ምእመኑ በመኝታው ጊዜ የቀኑን ሥራ መርምሮ፥ የተናገረውን ክፉ ቃል አስቦ፥ «አቤቱ ይቅር በለኝ» ብሎ ቢተኛ የቀኑ ላብ በነፍሱ ላይ አያድርም። ጠዋት ሊታረቀው የሚገባ ወንድም ካለው ስሙን ይዞ ይነሣል። ትልቅ ኃጢአት የሚበዛበት ቤት፥ ትንሹን በየማታው የማይወለውሉበት ቤት ነው።

መሣሪያው ከዛገ በኋላስ? ባለሙያ አስቀድሞ የዝገቱን ጥልቀት ይመረምራል። ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በዘይት በራሰ ጨርቅና በደቀቀ አመድ ታሽቶ ይለቃል። ከዚያ ካለፈ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ እምቢ ያለው በሆምጣጤ ውስጥ አንድ ሌሊት ይነከራል። ሆምጣጤው ዝገቱን ያላላዋል፤ ይሁን እንጂ ያለ መጠን የቆየበት እንደ ሆነ ደኅናውንም ብረት ይበላል። ስለዚህ በጊዜው ወጥቶ፥ የሆምጣጤው ኃይል እንዲሰበር የመጋገሪያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ ይታጠባል፥ ወዲያው ይደርቃል።

ባለሙያ የሚከለክላቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፥ ዝገቱን ላጥፋ ብሎ በእሳት ጠንክሮ የተሠራውን መሮ ወይም መዶሻ ወደ እሳት መጣል ነው። የተጠናከረ ብረት ከ200 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እየጋለ ሲሄድ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል፤ ዝገቱ ቢለቅ እንኳ መሮው ድንጋይ ሲነካ የሚታጠፍ ይሆናል። ሁለተኛው፥ የመስፉን ፊት በሞተር መሳያ መፋቅ ነው። የብዙ መስፍ ጠንካራ ክፍሉ የላይኛው ፊቱ ብቻ ነውና፥ ቆሻሻውን አወጣለሁ ያለ ሰው መስፍነቱን ያወጣዋል።

የንስሐ አባት የሆንን ሁሉ እዚህ ላይ ልብ እናድርግ። የሁሉ ሰው ቁስል አንድ አይደለም፥ ቀኖናውም አንድ ሊሆን አይገባም። በስሱ የዛገውን በሆምጣጤ ብንነክረው እንጎዳዋለን፤ ጠልቆ የዛገውንም በጨርቅ ብቻ ብንዳብሰው እናታልለዋለን። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ የተቀጣውን ሰው፥ ተግሣጹ ከበቃው በኋላ፥ በብዙ ኀዘን እንዳይዋጥ ይቅር ብለው እንዲያጽናኑት አዝዟል (2ኛ ቆሮ. 2፥6-7)። ከሆምጣጤው በጊዜው ማውጣት ማለት ይህ ነው። ተነሳሒውም በበኩሉ ብረት ራሱን በራሱ እንደማይወለውል ይወቅ። በተረፈ ኤርምያስ ስለ ጣዖታት ከተነገሩት ነገሮች አንዱ፥ በወርቅ ቢለበጡም ሌላ ካልወለወላቸው ዝገታቸውን ሊያስወግዱ አለመቻላቸው ነው። ወደ ካህን ሳይቀርብ «እኔና አምላኬ እንተዋወቃለን» እያለ የሚኖር ሰው በልቡ ውስጥ ያለውን ዝገት ጌጥ አድርጎ እንዳይቀመጥ እንፈራለታለን። ነቢዩ ሕዝቅኤል ዝገቷ ስላልለቀቃት ድስት የተናገረውን ያስታውስ፤ የጥፋቷ ምክንያት ዝገቷ ብቻ አልነበረም፥ ሊያነጿት ሲፈልጉ አልነጻም ማለቷ ነው እንጂ (ሕዝ. 24፥6-13)።

ዝገቱ ከለቀቀ በኋላ በብረቱ ላይ ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱ ዝገት አይደለም፤ ዝገት የነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ ተነሳሒ የቀድሞ በደሉን ባሰበ ቁጥር «አልተማርኩም» እያለ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም። ነገር ግን ውኃ የሚያቆረው በዚያ ጉድጓድ ነውና ባለሙያው ቅባቱን እዚያ ላይ ያበዛል። በመጠጥ የወደቀ ሰው ከመጠጥ ቤት ደጃፍ፥ በገንዘብ የወደቀም ከሰው ገንዘብ ያዥነት ይራቅ፤ ከሌላው ሰው ይልቅ እርሱ በዚያ በኩል ይጠንቀቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ከዝገት የነጻ ብረት ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋበት ሰዓት በነጻበት ሰዓት ነው። ከሆምጣጤ ወጥቶ የታጠበ፥ አንዳች ሽፋን የሌለው ራቁት ብረት ሳይደርቅና ሳይቀባ ቢቀመጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱካናማ ዝገት ይለብሳል። ብዙ ደክሞ ያጠራው ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጠዋት ሲመለስ ግን የትናንቱን ድካም በቀይ አቧራ ተሸፍኖ ያገኘዋል። ጥፋቱ የማጥራቱ አይደለም፤ ማጥራቱን የሥራው መጨረሻ ማድረጉ ነው።

ጌታችን ከሰው ስለ ወጣው ርኩስ መንፈስ የተናገረው ምሳሌ ይህን ነገር ያስረዳል። ቤቱ ተጠርጓል፥ ተስተካክሏልም፤ ጉድለቱ ባዶ መሆኑ ነው። ባዶም ስለሆነ የወጣው መንፈስ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎችን ይዞ ተመለሰ፤ የዚያም ሰው ኋለኛው ከፊተኛው የባሰ ሆነ (ማቴ. 12፥43-45)። በየዓመቱ የምናየው ኀዘን ይኸው ነው። ምእመኑ 55ቱን ቀን የዐቢይ ጾም ይጾማል፥ ይሰግዳል፥ በሕማማት ሰሞን ያለቅሳል፥ ንስሐም ይገባል። በትንሣኤ ማግሥት ግን ጸሎቱን ከጾሙ ጋር አብሮ ይፈታዋል። ጾም የማይጾምባቸው 50ዎቹ ቀናት የደስታ ቀኖች ሆነው የተሰጡት፥ ጸሎትና ቅዳሴ የሌለባቸው ቀኖች አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ኀምሳው ሲፈጸም ያን ጊዜ የታጠበው ብረት ቀልቶ ይገኛል። «ንስሐ ገብቼ ነበር፥ ግን አልጠቀመኝም» የሚለው ቃልም የሚሰማው በዚያን ጊዜ ነው።

ወንድማችን ሆይ፥ ንስሐህ አልጠቀመህም አትበል፤ ሳትቀባ አድረሃልና። ቅባቱ ምንድር ነው ብትል እንነግርሃለን። በተጠመቅህ ቀን በሜሮን ታትመህ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ሆነሃል፤ ይህ ማኅተም አይደገምም፥ በንስሐ ግን ይወለወላል። ከንስሐ ቀጥሎ ካህንህ በፈቀደልህ ጊዜ ሳትዘገይ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀበል፤ ባዶው ቤት ባለቤቱን የሚያገኘው በዚህ ነው። ሁለተኛ፥ ዘኬዎስ በዚያው ቀን ገንዘቡን ለድኾች እንዳካፈለ፥ የቀማውንም አራት እጥፍ ለመመለስ እንደ ቃል ገባ (ሉቃ. 19፥8)፥ የወሰድኸውን መልስ፥ ያስቀየምኸውን ታረቅ። ሦስተኛ፥ ሥራ ያዝ፤ በሽተኛ ጠይቅ፥ ያልተማረውን አስተምር፥ የሰንበቴውን ማኅበር አገልግል። የተቀባ ብረት እንኳ ተሰቅሎ ብቻ ሲኖር ቅባቱ ይደርቃልና፥ ከዝገት የሚጠብቀው ቅባትና ሥራ ባንድነት ነው።

ምናልባት «የማይዝግ ብረት አለ አይደለምን?» የሚል ሰው ይኖራል። አዎን፥ አለ። በ1913 እ.ኤ.አ. ሃሪ ብሪርሊ የተባለው የእንግሊዝ አገር ሰው በሼፊልድ ከተማ ክሮሚየም የተቀላቀለበት፥ ዝገትን የሚቋቋም ብረት ሠራ። ዛሬ የማይዝግ የሚባለው ብረት ከመቶ ቢያንስ 10.5 እጅ ክሮሚየም አለበት። ጥበቃው ከውጭ የተቀባ ሳይሆን ከውስጡ የሚወጣ ስስ ሽፋን ነው፤ ቢጫርም አየር እስካገኘ ድረስ ራሱ ይታደሳል። ጸጋ በውስጣቸው የሞላ ቅዱሳንን ይመስላል። ነገር ግን ይህም ብረት ጨው ባለበት፥ አየር በማያገኝ ስንጥቅ ውስጥ ሲቆይ ሊበላ ይችላል። በዚህ ዓለም ሳለ «እኔ አልዝግም» ሊል የሚገባው ማንም የለም።

ይህ ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው እኛን ካህናትን ነው። በቤተ መቅደስ ውስጥ መኖር ብቻውን ከዝገት አያድንም፤ በዕቃ ቤት የተቀመጠ መሣሪያም ይዝጋል። ዜማውን፥ ቅኔውን፥ ትርጓሜውን ከመምህራን ተቀብሎ ለደቀ መዝሙር ሳያስተላልፍ በልቡ ዘግቶ የያዘ ሰው መክሊቱን በምድር የቀበረውን ያን አገልጋይ ይመስላል (ማቴ. 25፥18)። ጌታውም ሲመጣ የጠየቀው ስለ ጠፋ መክሊት ሳይሆን ስላልተሠራበት መክሊት ነው።

እንግዲህ ምእመናን ሆይ፥ በሚመጣው ጊዜ ንስሐ ስትገቡ የነጻችሁበትን ቀን የሥራ መጨረሻ ሳይሆን የጥበቃ መጀመሪያ አድርጉት። ቀጥቃጩ ማታ ከምድጃው አጠገብ መዶሻውን ሲወለውልና ሲቀባ ብታዩት አትናቁት፤ ሊቅ ነው፥ ከእርሱም ተማሩ። እናንተም መብራታችሁን ሳታጠፉ ነፍሳችሁን ወልውሉ፥ በጸሎት ቅቡ፥ ከዚያ ተኙ።

ዝገትና ብል በማያጠፉት በሰማያዊው መዝገብ ስማችንን ይጻፍልን፤ የአምላካችን ቸርነት፥ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።